የእናት ብር ለሦስት ልጆች



ከመካነ ኢየሱስ እስቴ አንዲት እመቤት በዚህ ወር ደብዳቤ ጽፈውልናል። እናታቸው ባረፉ ጊዜ በሣጥናቸው ውስጥ ሦስት የብር ገንዘብ ተገኘ፤ ሁለቱ ጠገራ ብር፣ አንዱ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ከጠገራዎቹ አንዱ ተበስቶ እናትዬዋ ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው ያደርጉት የነበረ ነው። ልጆቹ ሦስት ስለ ሆኑ፣ የገንዘቡም ክብደት እኩል ስለ ሆነ፣ ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ደረሰ፤ በዚያን ጊዜም ያጉረመረመ አልነበረም።

ኋላ ግን ታላቅ ወንድማቸው የደረሰው የምኒልክ ብር ጠቁሮ ቢያየው እጅግ ጊዜ ያበላሸው መስሎት በአመድና በሎሚ ፈትጎ እንደ መስተዋት አበራው። ከጥቂት ቀን በኋላ አሮጌ ገንዘብ የሚገዛ ሰው መጣና ሦስቱንም አየ፤ የታላቁን ብር አገላብጦ ተመለከተና ምንም ሳይናገር መልሶ አስቀመጠው፤ ላልተበሳው ጠገራ ግን ዋጋ ጠራ። ታላቅ ወንድም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ድርሻው ልክ አልነበረምና እንደ ገና እንካፈል» ይላል። እመቤቲቱ የጠየቁን ሁለት ነገር ነው፤ የአሮጌ ብር ደረጃ በምን ይታወቃል? እንደ ገና መካፈልስ ይገባልን?

በመጀመሪያ ስለ ብርነቱ እንናገር። ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም ጀምሮ ፓሪስ ላይ ያሳተሙት ብር በክብደቱም በጥራቱም ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ሆኖ የተሠራ ነውና፣ ከሺህ እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። እንግዲህ ለአንጥረኛ ቢሰጡ ሦስቱም አንድ ናቸው። በሚዛን የተካፈሉት ልጆች አልተሳሳቱም።

ልዩነቱ የሚመጣው ገንዘቡ እንደ ገንዘብ ሲታይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን አንድ ነገር አስቀድመን እናስወግድ። በጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተጽፎ ስላዩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው» የሚሉ አሉ። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው፤ ነገር ግን ነጋዴዎች ይህንን መልክ ብቻ ስለ ለመዱ፣ ከሞተችም በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲታተም ኖረ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ ለመንገዳቸው የሚከፍሉት ይኸንኑ ብር ስለ ነበረ በቪየና እንደ አዲስ አሳትመዋል። ሙሶሊኒም አገራችንን ሊወርር ሲነሣ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም አሳትሟል። የለንደን፣ የፓሪስ፣ የቦምቤይም አለ። ስለዚህ ቍጥሩ ዕድሜውን አይመሰክርም፤ እንዲያውም እጅግ ያማረና የሚያበራ ጠገራ ያየን እንደ ሆነ ከአያቶቻችን እጅ ያልደረሰ የቅርብ ጊዜ ሥራ ሊሆን ይችላል ብለን ልንጠራጠር ይገባናል።

የገንዘብን መልክ መመርመር ለአገራችን ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም። ባለፈው መቶ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ የተጓዙ አውሮፓውያን ደጋግመው የጻፉት የባላገሩን ጥንቃቄ ነው። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን የዕንቍ ፍሬ ይቈጥር ነበር፤ በትከሻዋ ያለው ጌጥ ጐልቶ መታየቱን፣ ከምስሏ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች አለመጥፋታቸውን ይመለከት ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቢደበዝዝ ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። ተጓዦቹ በዚህ ይሥቁ ነበር፤ እኛ ግን ሣቁ ያላግባብ ነው እንላለን፤ ዛሬ በታላላቅ ከተሞች ደረጃ የሚመድቡ ሊቃውንት የሚያዩትም ይኸንኑ ነውና። በእጅ ብዛት መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የተቀረጸው ቦታ ነው። በጠገራው የንግሥቲቱ መከናነቢያ ከጆሮዋ በላይ ያለው፣ የጌጡ ዕንቍ፣ በጀርባው ደግሞ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ላባ ነው። በምኒልክ ብር የዘውዱና የጕንጩ ከፍታ፣ የአንበሳውም ጋማ ነው። እነዚህ ጥርት ብለው ከታዩ ብሩ ብዙ እጅ አልነካውም።

ጠርዙንም ማየት አይዘንጋ። በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ጽሕፈት አለ፤ በቅርጽ ፈስሶ በተሠራ ሐሰተኛ ብር ላይ ይህ ጽሕፈት ይደበዝዛል ወይም ከነጭራሹ አይገኝም።

በ1949 በአውሮፓ አቆጣጠር ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ለአገሩ የመዳብ ሳንቲም ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ደረጃ አወጣ፤ ዛሬ በብዙ አገር ለብርም ለወርቅም ይሠራበታል። ከ60 በላይ የሚባለው በገበያ ያልዞረው ነው። እንዲህ ያለውን ብር በአንድ መብራት ሥር ቀስ አድርገው ቢያዘነብሉት፣ ከማተሚያው ይዞት የወጣው ጸዳል እንደ መንኰራኵር ሲዞር ይታያል።

የታላቅ ወንድም ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የብር ጥቁረት ጕዳት አይደለም፤ በጢስና በአየር ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ገዢውም የሚፈልገው እርሱን ነው፤ ያልተነካ ለመሆኑ ምስክር ነውና። አመድ ሲፈትገው ከጥቁረቱ ጋር የብሩን ፊት ይልጠዋል፤ ሎሚውም ይበላዋል። የቀረው ብርሃን የሚዞር ሳይሆን ባንድ ወገን የተሰመረ ጭረት ነው። ይህንን መልሶ የሚያበጅ መድኃኒት የለም። እንደ ገና ይጠቍር ይሆናል፤ ጭረቱ ግን ከጥቁረቱ ሥር ይኖራል።

ታዲያ ድርሻው እንደ ገና ይከፈልን? እኛ አይከፈልም እንላለን። የምኒልክ ብር ከጠገራው ይልቅ በጥቂቱ የታተመ ስለ ሆነ፣ በተካፈሉበት ቀን ከሦስቱ የበለጠውን ያገኙት ታላቅ ወንድም ራሳቸው ነበሩ፤ ያን ጊዜ ታናናሾቻቸው እንደ ገና እንካፈል አላሉም። የጐደለው በድርሻው ሳይሆን በሎሚው ነው። ይህንንም ስንል እንዲሸማቀቁ ብለን አይደለም፤ የተፈተገው የምኒልክ ብርም ቢሆን አስተዋይ ገዢ ቢያገኝ ካልተበሳው ጠገራ የሚያንስ ላይሆን ይችላልና፣ በአንድ ሰው ዝምታ ተስፋ ቈርጠው ባይሸጡት፣ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ወርደው ሁለትና ሦስት ሰው ቢያሳዩት እንመክራለን።

የተበሳው ጠገራ በሰብሳቢ ዘንድ ዝቅተኛው ነው፤ ቀዳዳ ያለበት ገንዘብ ምንም ቢጠራ በሙሉ ደረጃ አይመደብም። ዋጋው ከብሩ ክብደት ብዙ አይርቅም። ደብዳቤውን የጻፉልን እመቤት የደረሳቸው ይኸው ነው፤ ስለ ዋጋው ግን አንድ ቃል አልጠየቁም።

አሁን የቀሩትን ሁለቱን ማንም እንዳይፈትጋቸው። ሲይዟቸው በጠርዛቸው ይያዙ፤ ላብ ፊታቸውን ያበላሻልና። በንጹሕ ወረቀት እየብቻቸው ተጠቅልለው እርጥበት በሌለበት፣ ከምድጃውም ጢስ በራቀ ቦታ ይቀመጡ። የአንገቱ ብር በማተቡ ላይ ሊቈይ ይችላል፤ ክሩን ብቻ በየጊዜው ይለውጡለት።