ቀመሩን ብቻ ማወቅ ይበቃልን?

በኬሚስትሪ ትምህርታችን አንድ ነገር ሲጠራ «ከምን ተሠራ?» ብለን እንጠይቃለን። ቀመሩን በቃላችን ከያዝን ነገሩን ያወቅነው ይመስለናል። በእኔ አስተያየት ይህ የዕውቀት እኩሌታ ብቻ ነው፤ ሌላው እኩሌታ አቶሞቹ እንዴት እንደ ተደረደሩ ማወቅ ነው። ለዚህም ፔሮቭስካይት የሚባሉትን ኦክሳይዶች ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ።

ስማቸው የመጣው ጉስታቭ ሮዘ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1839 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከኡራል ተራራ በመጣ ድንጋይ ካገኘው ማዕድን ነው። አሠራራቸውን እንደ ሣጥን አስቡት። በስምንቱ ማዕዘን ትልልቅ አዮኖች ይቀመጣሉ፤ በመካከሉ አንድ ትንሽ የብረታ ብረት አዮን አለ፤ በስድስቱ ገጾች ላይ ደግሞ ስድስት ኦክስጅኖች ሆነው ትንሹን ይከቡታል። የማዕዘኖቹ አዮኖች ለቦታቸው ያነሱ እንደ ሆነ ኦክስጅኖቹ ዘመም ይላሉ፤ ሣጥኑም ይጣመማል። ቁም ነገሩ ያለው በዚህ መጣመም ላይ ነው።

ላንታነም፥ ማንጋኒዝና ኦክስጅን ያሉበትን እንውሰድ። እያንዳንዱ ማንጋኒዝ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ዳሩ ግን በብርቱ ብርድ ጊዜ አንዱ ንጣፍ ወደ አንድ ወገን ሲያመለክት የሚቀጥለው ወደ ተቃራኒው ስለሚያመለክት ተጣፍተው ምንም አይተርፍም። በ1950 ዮንከርና ቫን ሳንተን በሆላንድ አገር በፊሊፕስ ላቦራቶሪ ከላንታነሙ ከፊሉን በካልሲየም ወይም በስትሮንቲየም ቢተኩት እውነተኛ ማግኔት ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት ክላረንስ ዚነር ምክንያቱን አስረዳ፤ ይኸውም ኤሌክትሮን ከአንዱ ማንጋኒዝ በኦክስጅን በኩል ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ ሁለቱ ማግኔቶች ወደ አንድ ወገን ሲያመለክቱም መሻገሩ ይቀለዋል።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ከላንታነሙ ሢሶ ያህሉ በስትሮንቲየም ሲተካ ማግኔትነቱ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጸናል። በዚያው መጠን በካልሲየም ሲተካ ግን ሙቀቱ ገና ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስ ማግኔትነቱ ይጠፋል። የሁለቱ አዮኖች ቻርጅ እኩል ነው። ካልሲየም ግን አነስ ስለሚል ሣጥኑ ይበልጥ ይጣመማል፤ ኤሌክትሮኑ የሚሻገርበት መንገድ ይጎብጣል። ቀመሩ ካልሲየም መኖሩን ይነግረናል፤ መንገዱ መጉበጡን ግን አይነግረንም።

አንዳንድ መምህራን «ጊዜው አጭር ነው፤ ይህን ፈተና አይጠይቀውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ፈተናው የማይጠይቀውን ሁሉ ከተውን ምን ተማርን እንላለን? ደግሞም አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ድንችና ስንጥር ከየቤታችን ማምጣት አያቅተንም፤ ድንቹም ተመልሶ ለወጥ ስለሚሆን እናቶቻችን አይቆጡም። ሣጥኑን ሠርቶ አንዱን ድንች በትንሽ ድንች መለወጥ፥ ከዚያም መዝመሙን በዓይን ማየት ነው።

እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ስለምንወጣ ለራሴ አልጠይቅም። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ግን ከሚመጣው መስከረም ጀምሮ ይህ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቀድላቸው መምህራኖቻችንን በትሕትና እለምናለሁ።