ሁሉን የሚያምቅ ሰርቨር
በድረ ገጽ ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ዘንድ እንደ ሕግ የተያዘ አንድ እምነት አለ፤ ከሰርቨሩ የሚወጣ ማናቸውም ይዘት ታምቆ፣ ማለትም መጠኑ ተቀንሶ፣ ቢላክ የኔትወርክ አቅም ይቆጠባል የሚል ነው። እምነቱ ለድረ ገጽ ጽሑፍ የሚሠራ ቢሆንም ወደ ሶፍትዌር ማከማቻዎች ሲዛወር ይፈርሳል፤ የሚብሰውም ቁጠባው ያስፈልገዋል በሚባለው፣ ከቦሩ ሜዳ በደሴ አልፎ እስከ ኮምቦልቻ እንዳለው ባለ አካባቢ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ የሚያስተምረው ወሎ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ዴቢያን የተባለውን የሊነክስ ሥርዓት ማከማቻ በሚረር፣ ማለትም የዋናው ትክክለኛ ቅጂ በሆነ ሰርቨር፣ በግቢው ቢይዝ ተማሪው እያንዳንዱን ጥቅል ከባሕር ማዶ አይጠብቅም፤ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የታየው በቅርብ ያለ ቅጂ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ነው። ሚረር ግን ከዋናው በአንዲት ባይት እንኳ ከተለየ አይረባም። ማከማቻው የእያንዳንዱን ማውጫ ፋይል መጠንና አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ መለያ፣ በተፈረመ ዝርዝር ስለሚይዝ፣ አፕት የተባለው የጥቅል መጫኛ የወረደውን ከዝርዝሩ አመሳክሮ ካልገጠመ ይጥለዋል። ሰርቨሩ ጂዚፕ በተባለው ዘዴ የታመቀን ማውጫ «ኮንቴንት ኢንኮዲንግ» በተባለው ራስጌ፣ ከይዘቱ ቀድሞ በሚላክ መግለጫ፣ «ይህ እመቃ ለጉዞ ብቻ ነው» ብሎ ሲሰድደው፣ ራስጌውን የሚያከብር ተቀባይ ፕሮግራም ፈትቶ በታመቀው ፋይል ስም ያስቀምጠዋል፤ አሻራውም ይፋለሳል። ዊጌት የተባለው ማውረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ፈቺነት በራሱ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ በነባሪነት ያጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም።

የድረ ገጽ መላላኪያ ደንቡ፣ ኤችቲቲፒ፣ እንዲህ ማስታወቅን ይፈቅዳል የሚለው መከራከሪያም አይጸናም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የኤችቲቲፒ ደንብ በባሕርዩ ዘወትር የታመቀ የፋይል ዓይነት እመቃው በራስጌው ዳግመኛ እንደማይጠቀስ ይናገራልና።

በሚላክበት ቅጽበት ማመቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰርቨሩ የመጨረሻውን መጠን አስቀድሞ ስለማያውቅ የርዝመት ራስጌውን ይተዋል፣ ኢንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራምም ከመሃል መቀጠል እንደሚቻል የሚያስታውቀውን ራስጌ ያነሳል፤ ስለዚህ መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ማውረዱ ከዜሮ ይጀምራል። ጥቅሎቹ አስቀድመው የታመቁ በመሆናቸው የተገኘው ቁጠባ ኢምንት ነው፤ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ግን በከንቱ ይደክማል።

ሚረሮች እርስ በርስ አርሲንክ በተባለው መገልበጫ ፋይሉን እንዳለ ስለሚገለብጡ ከዚህ ያመልጣሉ ይባላል፤ የግቢው ኮምፒውተሮች ግን ከሚረሩ የሚወስዱት በኤችቲቲፒ ነውና የማከማቻውን አቃፊ ከሰርቨሩ እመቃ ነጻ ማድረግና የታመቀውን ፋይል በራሱ ዓይነት ማስታወቅ የአስተዳዳሪው ሥራ ሆኖ ይቀራል።