ስለ ሌሊት ሠራተኞች የሰዓት ሒሳብ

የንግድ ቤት ቀን ቢከፈትም ዕቃው የሚጠበቀውና ብዙ ጊዜም የሚራገፈው በሌሊት ነው። ዘበኛውና ዕቃ አውራጁ እንቅልፋቸውን ትተው የሠሩበት ሰዓት ሳይጐድል ሊታሰብላቸው ይገባል። ነገር ግን የደመወዝ ሒሳብ በኤክሴል ሲያዝ፥ ይህ ቀላል የሚመስለው ሥራ ባልታሰበ መንገድ ሲሳሳት ይታያል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የወጣ ሰው 8 ሰዓት ሠርቷል። የኮምፒዩተሩ ቀን ግን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለ ሆነ፥ መግቢያው 22:00፥ መውጫው 6:00 ተብሎ ይመዘገባል። ከመውጫው ላይ መግቢያው ሲቀነስ ከዜሮ በታች 16 ሰዓት ይመጣል። አንዳንድ ጸሐፊ በአገራችን አቈጣጠር 4 እና 12 ብሎ ጽፎ ከችግሩ ያመለጠ ይመስለዋል፤ ሆኖም ከቀኑ 11 ሰዓት ገብቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት የወጣ ሠራተኛ ሲያጋጥመው ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣበታል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ኤክሴል አንድን ሙሉ ቀን እንደ 1 ስለሚቈጥር፥ መውጫው ከመግቢያው ባነሰ ጊዜ በመውጫው ላይ 1 ጨምሮ መቀነስ፥ ውጤቱንም በ24 ማባዛት ነው። ከዚህም የሚሻለው ግን በመግቢያውም በመውጫውም ከሰዓቱ ጋር ቀኑን መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ቅነሳው ያለ ምንም ዘዴ ይቃናል፤ ከ24 ሰዓት በላይ በሥራ ላይ የቈየ ተረኛም አይጐድልበትም።

የሳምንቱ ድምርም ጥንቃቄ ይሻል። 6 ሌሊት በ8 ሰዓት ቢታሰብ 48 ሰዓት ነው። ድምሩ በ24 ሳይባዛ በተራ የሰዓት መልክ ከታየ ግን፥ 24 በሞላ ቍጥር ወደ ዜሮ ስለሚመለስ 0:00 ተብሎ ይነበባል። ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረው ሰው አንዲት ሰዓት እንዳልሠራ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓትም የሚከፈለው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ነው። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ የጠፋች አንዲት የሌሊት ሰዓት ሠራተኛውን ከእንጀራው ትጐዳዋለች፤ አሠሪውንም ሳያስበው ለክርክር ትዳርገዋለች።

ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ሚዛኑን እንደሚመረምር የሰዓት መዝገቡንም ይመርምር። በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት የአንድ ሌሊት ተረኛን ሰዓትና የአንድ ሳምንት ድምርን በእጁ አስቦ ከሰሌዳው ጋር ቢያመሳክር፥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድበት ሥራ ነው።