ኤርታሌን በትልቅ ስፒከር ሰማሁት

ዛሬ የፈተና ውጤት ወሬ አይደለም፣ የደመወዝም አይደለም። ስለ አንድ አልበም ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» በፈረንጆቹ 2012 ሲወጣ እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ መተማ ከወረድኩ ብዙም አልቆየሁ። ያኔ ዘፈን የሚደርሰን በሚሞሪ ካርድ ነበር። መተማ ዮሐንስ ላይ ላፕቶፕ ይዘው ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ነበሩ። «የጎንደር ጫንልኝ፣ የሱዳን ጫንልኝ፣ ትንሽም የድሮ» ብለህ ታዛለህ፣ ከፍለህ ትሄዳለህ። ሳሉጉ ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ መጀመሪያ ስልኩን ያስጭናል፣ ከዚያ ነው ማጭዱን የሚፈልገው። ሙሐመድ ወርዲ ያረፈው በዚያው 2012 የካቲት ላይ ስለነበር ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም የሚከፈተው ወርዲ ነበር። በዚህ መሃል ነው እንግዲህ «ኤርታሌ» እኔ ስልክ ላይ የገባው። አልገዛሁትም፤ እንደ ሌላው ሁሉ አስጫንኩት።

ከፈትኩት። ሦስት ዘፈን ሰምቼ አጠፋሁት። ቺርርር የሚል ነገር ነው የሰማሁት፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ እንደሚሰማው። «ይሄ የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ የእኛ አይደለም» አልኩ። ለራሴ ብቻ ብዬው ቢሆን ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። አንድ የአስረኛ ክፍል ተማሪ (ስሙን አልጠራም፣ አብራችሁት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ) ለወላጆች ቀን የጃኖን ዘፈን ልሥራ ብሎ መጣ። ጊታር የት አለ? ክራር ላይ የስልክ ማዳመጫ ማይክ አስሮ፣ ያን ከአሮጌ ቴፕ ጋር አገናኝቶ ድምፁን አሻክሮታል። ከበሮው ጀሪካን ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ ጃኖ ብቻ ሳይሆን ሊንኪን ፓርክ ምናምን ሞልቶበታል፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ሰማሁትና ልጆቹ ፊት ሳቅኩበት። «ይሄን ትተህ ሽለላ አቅርብ፣ ባህልህን እወቅ» አልኩት። «እሽ ቲቸር» አለ። ሽለላ አቀረበ፣ ተጨበጨበለት፣ እኔም አጨበጨብኩ። ክራሯን ግን ከዚያ በኋላ ይዟት አላየሁም።

አሁን ወዳለፈው ክረምት ልምጣ። ገንዳውኃ አንድ ዘመድ ሠርግ ላይ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ሰው ያ ልጅ ሆኖ አገኘሁት። ጺም አብቅሏል። ተሳሳምን። ድንኳኑ ባዶ ሳለ ማታ ዕቃውን ሲሞክር «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሰማዎት» አለና «ኤርታሌ»ን በዚያ ቁም ሳጥን በሚያክል ስፒከር ለቀቀው።

እኔ ይህን አልበም ሰምቼው አላውቅም ነበር! ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ የድምፅ ሞገድ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ ይህን አለማሰቤ ነው የሚያሳፍረኝ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ጥፍር የምታክል የስልክ ስፒከር ይህን ድምፅ እንዳለ ማውጣት አትችልም፤ የምትገፋው አየር የላትም። እኛ የቻይና ስልክ ጮክ ስላለ ብቻ ጥሩ ያሰማ መስሎን ነበር። የአልበሙ ፕሮዲውሰር ደግሞ ቢል ላስዌል ነው፤ አሜሪካዊ፣ ራሱ ቤዝ ተጫዋች፣ በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን የሠራ፣ የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) የ2001 አልበም ያዘጋጀ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ከታች ከመሠረቱ ነው የሚያቆመው። እኛ መሠረቱን ቆርጠን ጣልንና ጣሪያው ተንሳፈፈ ብለን ሳቅን።

ከታች ያለው ሲሰማ የጊታሩ መሻከርም ቦታውን ያገኛል። ደግሞስ መሻከር መቼ ነው የፈረንጅ የሆነው? የበገናን ድምፅ አስቡት። ያ እዝዝ የሚለው ነገር ከክሩ ሥር ከምትገባ ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው፤ አባቶች ሆን ብለው ነው ያሻከሩት። ሽለላውስ? ሰውየው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ ወኔ ነው ብለን እንነሳለን፣ ጊታሩ ሲሰነጠቅ ጩኸት ነው እንላለን። እኔ ያን ልጅ ከአንዱ ጩኸት ወደ ሌላው ጩኸት ነው የላክሁት፣ ባህል አስተማርኩ ብዬ። ቅኝቱም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ትልቁ ትዝታ የሚጠቀምባቸው አምስት ድምፆች ፈረንጆቹ ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ጋር አንድ ናቸው፤ የሱዳኑም ዘፈን በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፣ ለዚህ ነው ወርዲን ቋንቋውን ሳናውቅ አብረነው የምናንጎራጉረው። መተማ ላይ ተቀምጦ «ይሄ የእኛ አይደለም» ማለት ለነገሩ ድፍረት ነው፤ ጠዋት የምንጠጣው ሻይ እንኳ ግማሹ የሱዳን ነው።

ሁሉ ነገሩ ድንቅ ነው እያልኩ አይደለም። አራት ድምፃውያን ናቸው፤ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሄዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለፃዲቅ። አራቱም ጎበዝ ናቸው፣ ግን አንዳንዴ አራት የተለያየ አልበም የምሰማ ይመስለኛል። ጥቂት ቦታም ጊታሩ በድፍረት ይጀምርና ዘፈኑ ሲገባ አንገቱን ይደፋል፣ የለመድነው ጭፈራ ይሆናል። ሕዝቡ እንዳይሸሽ ፈርተው ይሆን? የሕዝቡ ወኪል እኔ ከሆንኩ መፍራታቸው ልክ ነበር። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ግን ያ ፍርሃት የለም፤ የአልበሙ ምርጥ ደቂቃዎች ለእኔ እነዚያ ናቸው።

የሊንኪን ፓርክ የመጀመሪያ አልበም «ሃይብሪድ ቲዎሪ» በ2000 ነው የወጣው። በ2020 ሃያኛ ዓመቱን አስበው እንደገና አሳተሙት፤ ድምፃዊው ቼስተር ቤኒንግተን በ2017 አርፏል። በ15 ዓመታቸው የሰሙት ሰዎች በ35 ዓመታቸው መልሰው ሰሙት፣ ያኔ ያልገባቸው ገባቸው፣ የወደዱትንም ታዘቡት። እኛ መልሰን የምንሰማው የንጉሡን ዘመን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ሰብስቦ ካሳተመልን በኋላ ነው ወርቅ ነው ማለት የበረታው። በእኛ በራሳችን ዕድሜ የወጣውን አንድ ጊዜ በስልክ እንሰማለን፣ እንፈርዳለን፣ ቦታ ሞላ ብለን እናጠፋለን።

የዚያን ዕለት ማታ ዘፈኑ ሲያልቅ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ የወላጆች ቀኑን አነሳሁበት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ውሸቱን ነው። ከረሳው በምን ምክንያት ነው ከስንት ሺህ ዘፈን መርጦ ያንን የከፈተልኝ? ክራሯን ስጠይቀው ስንት ዓመቷ፣ እናቱ ቤት ተሰቅላለች አለ። ክሯ ተበጥሷል። ከዚያ ሰው መግባት ጀመረና እሱም ወደ ሥራው ሄደ፣ እስኪነጋ ያው የለመድነው ጭፈራ ሆነ።

ጎንደር ወይ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የ«ኤርታሌ» ኦሪጅናል ሲዲ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ዋጋውን እከፍላለሁ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ዘግይቼ ብመልስ አትቀየሙኝ። የክራር ክር የሚሸጥም ካወቃችሁ ጠቁሙኝ፤ አንድ ሙሉ፣ የስድስቱንም።