ካሬል ላማችን በየትኛው መደርደሪያ እናስቀምጠው?

የፊልም ታሪክ አጥኚዎች የለመዱት አሠራር ፊልሞችን በአገር መመደብ ነው። የጀርመን ፊልም፣ የፈረንሳይ ፊልም፣ የቼክ ፊልም እየተባለ ይጻፋል፤ ይሰነዳል፤ ትምህርትም ይሰጣል። አሠራሩ ምቹ ቢሆንም የአንዳንድ ባለሙያዎችን ሥራ ቆራርጦ ይበትናል። ከእነዚህ አንዱ በ1897 በፕራግ ተወልዶ በ1952 በሃምቡርግ ያረፈው የኮሜዲ ፊልሞች አዘጋጅ ካሬል ላማች ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የላማችን ሥራ በቅጡ ለመረዳት መከተል የሚገባን የአገር ድንበርን ሳይሆን አብረውት የሠሩትን ሰዎችና ፊልሞቹ የተጓዙበትን መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ላማች በ1920ዎቹ ብቻውን አልሠራም። ተዋናይት አኒ ኦንድራ፣ የካሜራ ባለሙያው ኦቶ ሄለርና የፊልም ጽሑፍ ደራሲው ቫትስላቭ ቫሰርማን ከእሱ ጋር አንድ ቡድን ነበሩ። ድምፅ አልባ ፊልም በመካከሉ የሚገባው ጽሑፍ ከተተረጎመ የትም አገር ሊታይ ይችል ነበርና ቋንቋ ብዙም አላገዳቸውም። ድምፅ ሲመጣ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ሂችኮክ በ1929 «ብላክሜይል»ን ሲሠራ ኦንድራ ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ፣ ንግግሩን ከካሜራው እይታ ውጭ ሆና የተናገረችላት እንግሊዛዊቷ ጆአን ባሪ ነበረች።

የላማች መልስ አንዱን ፊልም በሁለት ቋንቋ መሥራት ነበር። በ1930 የወጣው የፊልድ ማርሻሉ ኮሜዲ በቼክኛም በጀርመንኛም ተሠርቷል፤ በሁለቱም ዋናውን ሚና የተጫወተው ቭላስታ ቡሪያን ነው። ጡረታ የወጣ አንድ ሻምበል የፊልድ ማርሻል ልብስ ስለለበሰ ብቻ ጦር ሠፈሩ በሙሉ ይንቀጠቀጥለታል። የሚሣቅበት የኦስትሮ ሃንጋሪ መንግሥት በ1918 ፈርሷል፤ የፕራግም የቪየናም ተመልካች ግን በዚያው ዘውድ ሥር ኖሯል። እንግዲህ የጀርመንኛውን ፊልም የቼክኛው ግልባጭ አድርጎ ማለፍ፣ ቀልዱ ለማን እንደተነገረ አለመጠየቅ ነው።

ላማች ለገበያ የሠራ ሰው ስለሆነ ይህን ያህል ሊደከምለት አይገባም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለገበያ መሥራቱ እውነት ነው። ሆኖም ብዙ ሕዝብ የሣቀበት ፊልም ሕዝቡ ምን ይፈራ፣ ምን ይንቅ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚህ የሚከብደው የኅሊና ጥያቄ ነው። ላማች በ1926 የያሮስላቭ ሃሼክን ወታደር ሽቬይክ ለፊልም አበቃ። በ1930 ከኦንድራ ጋር በበርሊን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ፤ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላም በጀርመን መሥራቱን ቀጥሎ በ1937 የባስከርቪሎችን ውሻ ታሪክ አዘጋጀ። በ1943 ደግሞ በስደት በሚኖርበት በእንግሊዝ አገር ሽቬይክን መልሶ አስነሥቶ በናዚ ወራሪዎች ላይ አሣቀበት። የቼክ ታሪክ የመጀመሪያውን ሽቬይክ፣ የጀርመን ታሪክ የኦንድራን ኮሜዲዎች፣ የእንግሊዝ ታሪክ የ1943ቱን ፊልም ቢይዝ፣ ያው ሰው ሁለቱን እንዴት ሊሠራ ቻለ የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ አይኖርም። እያንዳንዱ መደርደሪያ የማያሳፍረውን ቁራጭ ይዞ ይቀመጣል።

ስለዚህ በዚህ ዘመን ፊልሞች ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ርእሳቸውን በአገር ስም ከማጠራቸው በፊት የባለሙያዎቹን ዝርዝር ያመሳክሩ፤ የአንድ ፊልም የሁለት ቋንቋ ቅጂዎችን ጎን ለጎን ይመልከቱ። በቤተ መዛግብት ሲፈልጉም ቼኮች «ካሬል» ያሉትን ሰው ጀርመኖች «ካርል» ብለው መመዝገባቸውን ያስታውሱ። ኦቶ ሄለርን በቼክ ፊልም ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪም በ1955 የእንግሊዞቹን «ዘ ሌዲኪለርስ» የቀረጸው እሱ መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል።