የባሕር ሳማና ተከራይዋ



ሰሞኑን ሬይኒየር አቬኑ ላይ ከሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን ክትፏችን እስኪደርስ ስንጠባበቅ፣ ከካሸሯ ጎን በተቀመጠው አኳሪየም ዙሪያ ሕፃናት ተኮልኩለው «ኔሞ! ኔሞ!» እያሉ ሲጯጯሁ ሰማን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2003 እነሱ ሳይወለዱ የወጣ ቢሆንም ዛሬም አልበረደላቸውም። ከመካከላቸው አንዲቱ ወደ አባቷ ዞር ብላ «አባዬ፣ ቤቱስ የታለ?» አለችው። እውነቷን ነው፤ ብርቱካናማው ክላውንፊሽ ብቻውን ይዋኛል እንጂ በፊልሙ የሚኖርባት አበባ መሳይ አኔሞኒ አጠገቡ የለችም። አባትየው «ለኛ ቤት ከነቤቱ እንገዛለን» ሲል ቃል ገባላት። «ተው ወንድሜ፣ አትቸኩል» ልንለው አፋችንን ስንከፍት ክትፎው መጣ። ይህ ጋዜጣ የሚቀመጠው እዚያው በር ላይ ስለሆነ ያን ቀን ያልነገርነውን ዛሬ ያነበው ይሆናል።

አኔሞኒ አበባ ትምሰል እንጂ እንስሳ ናት። ጣቶቿ እንደ አገራችን ሳማ ይለበልባሉ፤ ትንሽ ዓሣ ከነካቸው ደንዝዞ ወደ አፏ ይገባል። ክላውንፊሽ ግን ገላውን የሸፈነው ልጋግ ስለሚከላከልለት መካከሏ ገብቶ ይተኛል። አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ በጅራቱ፣ ቀጥሎ በሆዱ ነካ ነካ እያደረገ ቀስ በቀስ ይለማመዳታል። ኪራዩንም አይበላም፤ ጣቶቿን ሊቀነጥቡ የሚመጡትን ዓሦች ያባርርላታል፤ ኩሱም በሰውነቷ ውስጥ ላለው አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። በዓለም ላይ ካሉት ከሺህ በላይ የአኔሞኒ ዓይነቶች ይህን ተከራይ የሚያስጠጉት 10 ያህል ብቻ ናቸው።

የቤቱ አስተዳደር ደግሞ ያስቃል። በአንዲት አኔሞኒ ውስጥ ትልቋ ሴት አለቃ ናት፤ ሁለተኛው በቁመት ባሏ ነው፤ የቀሩት ትናንሾች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ክላውንፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ነው የሚያድገው። ሴቲቱ ስትሞት ባልየው ራሱ ሴት ይሆንና ሥልጣኑን ይረከባል፤ ከትናንሾቹ ትልቁ ባል ይሆናል። (ያለ ደም መፍሰስ የሚተላለፍ ሥልጣን ቀይ ባሕር ውስጥ ኖሮ አልሰማንም ነበር!) እንግዲህ በፊልሙ የኔሞ አባት እናቱ ከሞተች በኋላ እናት መሆን ነበረበት ማለት ነው። ይህን በጠረጴዛችን ስናወራ አንዱ ወዳጃችን ማኪያቶው ትን አለው።

ቀይ ባሕር ያልነው በዋዛ አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830 ያስመዘገበው የክላውንፊሽ ዓይነት መኖሪያው ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በላቲን ያወጣለት ስም ትርጉሙ «ሁለት መቀነት የታጠቀ» ማለት ሲሆን ገላው ላይ ሁለት ነጭ መቀነት አለው። ሩፔል ከዚያ በኋላ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ሰው ነው። ሃንስ ፍሪከ የተባለ ሌላ ጀርመናዊም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 የጾታውን ለውጥ ያስረዳው በዚሁ ዓሣ ላይ ባደረገው ጥናት ነው። ምጽዋና ዳህላክ ዋና የለመዱ ታላላቆቻችን ሳያዩት አይቀሩም። በዚያው ባሕር፣ በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል በተጠኑ ሦስት የኮራል ሪፎች ላይ፣ በ2023 በተነሳው የውሃ ሙቀት አኔሞኒዎቹ ነጥተው አብዛኞቹ ሞቱ፤ ተከራዮቻቸውም ከሞላ ጎደል አለቁ። ቤት የሌለው ክላውንፊሽ ባሕር ላይ በሌሎች ዓሦች ይበላልና።

አሁን ወደ አባትየው እንመለስ። አኳሪየም ውስጥ የሚበላው ዓሣ የለም፤ ስለዚህ አኔሞኒ ባይኖረውም ይኖራል። በተለይ ሰው ቤት የተፈለፈለው ክላውንፊሽ አኔሞኒ አይቶ አያውቅም፤ ብትገዛለትም ዞር ብሎ ላያያት ይችላል። እሷ ግን ብርቱ መብራት፣ ከ78 ዲግሪ ፋራናይት እምብዛም የማይርቅ ሙቀት፣ ቢያንስ ግማሽ ዓመት የቆየና የረጋ ውሃ ትፈልጋለች።

ይህን ያወቅነው ከደረሰብን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሻጩ «ምንም አትሆንም» ሲለን አምነን ሦስት ሳምንት ባልሞላው ታንክ ውስጥ ጨመርናት። አኔሞኒ ቦታው ካልተስማማት በእግሯ ትሄዳለች፤ ሌሊት ተጉዛ የውሃ መሳቢያው ፓምፕ ውስጥ ገባች። ጠዋት ስንነሳ ውሃው እንደ አጓት ነጥቶ፣ ሁለቱም ዓሦች ሞተው አገኘናቸው። ልጃችን ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም።

የግድ ከተባለ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ፊኛ የሚያብጠው ዓይነት ከሌሎቹ ይሻላል። እሷም ራሷን ለሁለት እየከፈለች ስለምትራባ፣ ከባሕር የተነቀለችውን ሳይሆን እዚሁ የተራባችውን ጠይቆ መግዛት ነው፤ ፓምፑንም በስፖንጅ መሸፈን። በኤልየት ቤይ ምሰሶዎች ላይ የተለጠፉትን ነጫጭ አኔሞኒዎች አንስቼ እወስዳለሁ የሚልም አይጠፋም፤ እነሱ የቀዝቃዛ ውሃ ናቸው፣ በሞቀ ታንክ አይኖሩም። ዓሦቹን ግን ሁለት አድርጎ፣ አንዱን ተለቅ ሌላውን አነስ ያለ ልጅ መግዛት ይበጃል፤ ትልቁ ሴት ይሆናል። ሁለት ያደጉ ሴቶች ከተገናኙ ይገዳደላሉ።

ልጅቱ «ቤቱስ?» ብላ ካለቀሰች ደግሞ ያልተቀባ አዲስ የሸክላ የአበባ ማሰሮ በጎኑ አጋድሞ ማስገባት ነው። ዓሦቹ ይወዱታል፤ ሲያድጉም እንቁላላቸውን እዚያው ይጥላሉ፣ ባልየውም በክንፉ እያራገበ ይጠብቃል። የተሰነጠቀ ጀበና ግን እንዳታስገቡ፤ የቡናው ቅባት ከሸክላው አይለቅም።