«ምንጭ ይጠቀስ»

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ክላርኔት የአሥር ደቂቃ ገለጻ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። እውነቱን ልናገርና ያደረግሁት ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ውክፔዲያን ከፍቼ ገለበጥኩ። ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የተባለ የኑረምበርግ ሰው በ1700 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንደሠራው፣ ክሎዜና ቡፌ የተባሉ ፈረንሳውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ዛሬ የምንይዘውን የቁልፍ አሠራር እንዳወጡለት፣ ሳክስፎን ወደ ላይኛው ድምፅ ሲዘል በኦክታቭ ሲሆን ክላርኔት ግን በአሥራ ሁለተኛው ድምፅ እንደሚዘል፣ ሁሉንም በልበ ሙሉነት አነበነብኩ። ሲያልቅ አስተማሪያችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ጥሩ፤ እኛ አገርስ ማን ነፋው?» ዝም አልኩ።

ያሳፈረኝ መልሱ እቤቴ መኖሩ ነው። የእናቴ አጎት በወጣትነታቸው በሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ተጫዋች ነበሩ። የዚያኑ ቀን ማታ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ማርሽ ላይ ክላርኔት ማን ይሰማዋል? ጥሩምባው ይውጠው የለ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጥሩምባው ከሩቅ ይጠራሃል። ቀጫጭኑን ዜማ እየፈተለ የሚያወርድልህ ግን ክላርኔቱ ነው» አሉኝ። ሪድ ሲጠፋ አሮጌውን በምላጭ እየፋቁ እንዴት እንደሚያድሱት፣ ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ኮታቸው ውስጥ እየደበቁ እንዴት እንደሚሰለፉ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወቱኝ።

በማግስቱ ሦስት አንቀጽ ጽፌ ስለ ክላርኔትና ስለ ማርሽ ባንድ በሚናገሩት ገጾች ላይ ጨመርኩ። አንደኛው ስለ «አርባ ልጆች» ነበር። ሁለቱ የጋሼ ጨዋታ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ሦስቱም ጠፉ። ምክንያቱ በአጭሩ፦ ምንጭ የለውም።

ተናደድኩ። «የፈረንጅ ሲሆን ይጻፋል፣ የኛ ሲሆን ይሰረዛል!» እያልኩ ዶርም ውስጥ ፎከርኩ። ሲበርድልኝ ግን ጥፋቱ የኔ መሆኑ ገባኝ። ኢንሳይክሎፒዲያ የሚሰበስበው ቀድሞ ታትሞ ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነው እንጂ «አጎቴ ነገሩኝ»ን አይደለም። እኔን አምኖ ቢቀበል ኖሮ ነገ የሚዋሸውንም መቀበል ነበረበት።

ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ስላስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ስለ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንና እሱ ስለደረሰው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝሙር የተጻፈ አለ። ገጹን ጠቅሼ አንቀጹን መለስኩት። እስካሁን አልተነካም። የጋሼ ሁለት አንቀጾች ግን እንደወጡ ቀሩ፤ የሚጠቀስ ወረቀት የለማ!

እንደኔ እንደኔ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። «ስለኛ አልተጻፈም» እያልን እናማርራለን፤ ግን ኢንተርኔቱ ላይ ከመጉደሉ በፊት መደርደሪያችን ላይ ነው የጎደለው። ስለ ማርሽ ባንድ ስታነቡ የአሜሪካ ኮሌጆች በኳስ ሜዳ ላይ በሰልፍ ፊደል ሲሠሩ ታገኛላችሁ፤ እነሱ ጽፈው አስቀምጠዋልና። የኛ ማርሽ ባንድ በአድዋ በዓል ፊታችን ያልፋል፤ እናጨበጭባለን፤ ወደ ቤት እንገባለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን ፈተና ላይ ብቻ ነው የምናስታውሰው።

አንድ ጓደኛዬ «ማን ይከፍልሃል? ሌላው ተማሪ ኮፒ እንዲያደርግ ነው?» ብሎኛል። አዎ፣ ኮፒ ማድረጉ እንደሆነ አይቀርም፤ እኔም አድርጌያለሁ። ካልቀረ ትክክለኛውን ይገልብጥ። ክላርኔትን «የነሐስ መሣሪያ» ብሎ የጻፈ ተማሪ እዚሁ ክፍላችን አይቻለሁ። ገላው ከፕላስቲክም ከብረትም ቢሠራ፣ በሪድ ስለሚነፋ ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ወገን ነው።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የምንሠራ ተማሪዎች ከመካከላችን ጥቂቶቹ እንኳ የቀድሞ የማርሽ ባንድ ተጫዋቾችን በድምፅ ቀርጸን፣ አማካሪ አይቶት፣ ካለው ሰነድ ጋር አመሳክረን እናስረክብ። ጽሑፉም አቧራ ከሚጠጣ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ ራሳችን ሳንሆን ሌላው ያንብበውና ይጥቀሰው። ሁለተኛ ዓመቶች ደግሞ ለገለጻ የሚገለብጡትን አንድ ገጽ ከመጽሐፍ ጋር አስተያይተው ቢያርሙ ውጤት ይያዝላቸው።

ይህን የምለው ጊዜ ስለሌለን ነው። ጋሼ ከሰማንያ አልፈዋል። ባለፈው ወር ስሄድ አብረዋቸው የተሰለፉትን የሁለት ጓደኞቻቸውን ስም አቀላቀሉብኝ። ከዚያ ዝም ብለው ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ አንድ ማርሽ ሲነፉ አየሁ። ጣቶቹ አልረሱም። የቅዳሜው ቀጠሯችን ግን ከመቅረጫ ጋር ነው።